ሐረር፣ ደሴ፣ አዲስ አበባ ወይስ ኢስታንቡል? ከሰሜን ሸዋ ለሚነሳ ሙስሊም ቤተሰብ የአጭር ጉዞ ንጽጽር

ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬ ወይም ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ሦስት አራት ቀን ከተማ አይቶ መመለስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ያምራል?» ብሎ ነው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ። በዚያ ከተማ ከዝሁር እስከ ዐስር ምን ማድረግ ይቻላል? ሶላቱ ሳያልፍ፣ ምሳው ሐላል ይሁን አይሁን ሳያስጨንቅ፣ ልጆቹ ታክሲ ውስጥ ሳይሰለቹ ስንት ነገር ይታያል? አጭር ጉዞ የሚያምረውም የሚበላሸውም በእነዚያ ሰዓታት ነው።

በእኛ አገር ዝሁር ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይገባል። ዐስር 9 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። ክረምትም ሆነ በጋ ብዙ አይለዋወጥም። ስለዚህ በመሐል ሦስት ሰዓት ገደማ አላችሁ። ከተሞቹን የማወዳድረው በዚህ ነው። መንገደኛ በመሆናችሁ ሶላት ማሳጠርና ማጣመር ይፈቀድላችሁ እንደሆነ የምታምኗቸውን ኡስታዝ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። መዝሀብ ይለያያል፤ መንገድ ላይ ቆሞ ከመከራከር እቤት ጠይቆ መውጣት ይሻላል።

ደሴና ኮምቦልቻ፦ እማማንና አባባን ይዞ ለሚሄድ

ከሸዋ ሮቢት ደሴ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደብረ ብርሃን ደግሞ 270 ያህል። ከይፋት ለሚነሳ ሰው ከሁሉም የምትቀርበው ይቺ ናት። አጣዬን፣ ሰንበቴን፣ ከሚሴን እያለፉ የሚሄዱበት መንገድ ለሙስሊም መንገደኛ ስንቅ የማያሻው ነው። መስጊዱም ምግቡም በየከተማው አለ። «አሁን የት ቆመን እንብላ?» የሚባል ጭንቀት የለም።

እሑድ ከተነሳችሁ የሰንበቴ ገበያ መንገዳችሁ ላይ ነው። አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ አርጎባውም፣ አፋሩም የሚገናኝበት ገበያ ነው። እኛ የይፋት ልጆች ስለለመድነው አናየውም እንጂ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ካሜራውን አንግቶ የሚመጣው ለእሱ ነው። ሰኞ የባቲ ገበያ ይቆማል። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሁለቱን ገበያ በአንድ ጉዞ ማየት የፈለገ እሑድና ሰኞን ይያዝ።

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ናት፤ ብርዷ አይጣል ነው። ከሸዋ ሮቢት ሙቀት የወጣ ሰው ጋቢ ይያዝ። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ሞቅ ትላለች። ለትልልቅ ሰዎች ማደሪያው ኮምቦልቻ ቢሆን እመርጣለሁ። ቀን ደሴ ወጥቶ ማታ መመለስ ቀላል ነው።

ከዝሁር እስከ ዐስር? ደሴ ላይ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ አይቶ፣ ገበያ ወጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ ይደረሳል። ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ እሱን ከሌላ ነገር ጋር አትደርቡት። ግማሽ ቀን ስጡት። ዳር ላይ ተቀምጦ ዓሣ መብላት ብቻውን ጉዞ ነው። ዓሣ ደግሞ የእርድ ጥያቄ የለበትም።

ድክመቷን ልንገራችሁ። ደሴ ለሚያርፍ ሰው እንጂ ለሚጎበኝ ሰው ብዙ አትይዝም። በሁለተኛው ቀን ወጣቶቹ «ቀጥሎስ?» ይላሉ። ዘመድ ካላችሁ ግን ቀኑ አይበቃችሁም። ወሎ ዘመድ ቤት ገብቶ ቶሎ መውጣት የለም። መውሊድ ለሚያከብር ሰው ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በረቢዑል አወል ወደ ጀማ ንጉሥ የሚጎርፈውን ሕዝብና መንዙማውን የሚያህል በአገራችን ጥቂት ነው። በዚያ ሰሞን ማረፊያ ቀድሞ ካልተያዘ ውጭ ማደር ይመጣል።

አዲስ አበባ፦ ርካሽም ውድም የምትሆን

ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከሸዋ ሮቢት 225 ያህል። ጠዋት ተነስቶ ለምሳ መድረስ ይቻላል። ብዙ ሰው ለሐኪም ወይም ለዕቃ እንጂ ለመዝናናት አይሄድባትም። ይሄ ያሳዝነኛል። ቤተሰብ ይዞ መርካቶ ውስጥ በማዳበሪያ መሐል ሲጋፋ ውሎ «አዲስ አበባን አየሁ» ማለት አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ የሰው ስህተት በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ማቀድ ነው። ከመርካቶ ቦሌ፣ ከቦሌ እንጦጦ ሲባል ያቺ ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ታልቃለች። ዐስርም ታክሲ ውስጥ ይደርስባችኋል። ስለዚህ ቀኑን በሰፈር ክፈሉት።

ለምሳሌ ፒያሳን አንድ ቀን ስጡት። ቤኒን ሰፈር ያለው ኑር መስጊድ ዝሁርን ስገዱ። ከዚያ በእግር የዓድዋ ድል መታሰቢያ መሄድ ይቻላል። በ2016 ዓ.ም. የተከፈተ ነው፤ በደንብ ለማየት ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። ለዐስር እዚያው መስጊድ መመለስ ነው። አንድም ብር ለታክሲ ሳይወጣ ቀኑ ሙሉ ሆነ ማለት ነው። መርካቶን ደግሞ ለጁምዓ አድርጉት። ታላቁ አንዋር በጁምዓ ቀን ሰጋጁ ሞልቶ ወደ መንገዱ ይፈሳል። ከአንድ ሰዓት በፊት ካልደረሳችሁ ጥላ አታገኙም። መስገጃ ይዛችሁ ሂዱ። እሑድ መርካቶ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፤ ለመግዛት ያሰበ ሰው ቅዳሜን አያሳልፍ።

ምግብ ላይ አዲስ አበባን የሚስተካከላት የለም። የሙስሊም ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት በየሰፈሩ አለ፤ ጨረቃና ኮከቡን አይቶ መግባት ነው። ከአገር ምግብ ሌላ ለመቅመስ የፈለገ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ የሶማሌውን ሩዝና የፍየል ሥጋ ይሞክር። የየመን መንዲ የሚሠሩ ቤቶችም ከተማው ውስጥ አሉ። በአንድ ትሪ ቤተሰቡ ከቦ ስለሚበላው ለልጆች ደስ ይላል፣ ለኪስም ይቀላል።

ለማደሪያ ግን አዲስ አበባ ታስቸግራለች። ከሥሩ መጠጥ ቤት ያለው ሆቴል ብዙ ነው። ሌሊት ሙዚቃው አላስተኛ ይልና ሱብሒ ያመልጣል። ርካሽ ብላችሁ ከመያዛችሁ በፊት «ግሮሰሪ ወይም ናይት ክለብ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠጥ የማይሸጡ ሆቴሎች በመርካቶም በቦሌም አሉ። ትንሽ ቢወደዱም እንቅልፉ ያካክሰዋል።

ሐረር፦ ገንዘቡም ቀኑም ካለ የእኔ ምርጫ

ሐረር ሩቅ ናት። ይሄን ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። መጀመሪያ አዲስ አበባ መድረስ አለባችሁ። ከዚያ በአውቶቡስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሙሉ ቀን ይበላል። በአውሮፕላን ከቦሌ ድሬዳዋ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከድሬዳዋ ሐረር በሚኒባስ አንድ ሰዓት ያህል ሽቅብ ይወጣል። እስከ ድሬዳዋ የባቡር አማራጭም አለ፤ የሚሄድበትን ቀን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ሦስት ቀን ብቻ ያለው ሰው ሐረርን ይተዋት። ሁለቱ ቀን መንገድ ላይ ይቀልጣል። አራት ወይም አምስት ቀን ላለው ግን አቻ የላትም።

ምክንያቱ ጀጎል ነው። ግንቡ የከበበው ከተማ ስፋቱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚያች ስፍራ 82 መስጊድና 102 የወልዮች መቃብርና መዘከሪያ አለ። ሦስቱ መስጊዶች ከ10ኛው መቶ ዘመን የመጡ ናቸው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይሄን ነው። ለእኛ ለተጓዦቹ ትርጉሙ ምንድን ነው? የትም ብትሆኑ አዛን ሲሰማ ውዱእ ያለው ሰው በጥቂት ደቂቃ ሶፍ ውስጥ ነው። አንዳንዱ መስጊድ ከአንድ ሰፋ ያለ ክፍል አይበልጥም። ኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ ዝቅ ያለ በር። ሁለት ሚናር ያለው ትልቁ ጃሚዕ ግን ለጁምዓ ሰፊ ነው። ትንንሾቹ ጋ የሴቶች ቦታ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እህቶች በር ላይ ደርሰው እንዳይመለሱ።

ያቺን ሦስት ሰዓት እዚህ ላይ ተመልከቷት። ዝሁርን ጃሚዕ ሰግዶ ምሳ። ከዚያ በእግር ወደ ሸሪፍ ሙዚየም። የቁርኣን የእጅ ጽሑፎች፣ ሐረር ራሷ ታስቀርጸው የነበረ ገንዘብ፣ ስፌት፣ ጌጣጌጥ አለ። ከዚያ መኪና ግርግር። ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደጅ አውጥተው የሚሰፉበት ጠባብ መንገድ ነው። ጨርቅ ከጎረቤት ሱቅ ገዝታችሁ ሰጥታችሁ፣ የፈረንሳዊውን ባለቅኔ የሬምቦን ቤት አይታችሁ ስትመለሱ ቀሚሱ ሊደርስ ይችላል። ዐስር ገና አልደረሰም። ታክሲም አልተያዘም።

ማደሪያው ሌላው ምክንያት ነው። ጀጎል ውስጥ ባህላዊ ቤታቸውን ለእንግዳ የከፈቱ ቤተሰቦች አሉ። የሐረሪ ቤት ውስጡ አምስት መደብ አለው፤ ነደባ ይሉታል። ከፍና ዝቅ ያለው ለይስሙላ አይደለም። ትልቅ ሰው የሚቀመጥበት፣ እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ልጅ የሚቀመጥበት ተለይቶ የታወቀ ነው። ወለሉና መደቡ ቀይ አፈር የተቀባ ነው። በ1887 እ.ኤ.አ. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይባላል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌትና ሳሕን ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ መጠጥ አይገባም፤ ቁርሱ እዚያው ይሠራል። ለሙስሊም ቤተሰብ ከየትኛውም ባለ ኮከብ ሆቴል ይልቅ ይሄን እመክራለሁ። ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ ሳትጠጡ አትውጡ።

ለእኛ ለሸዋዎች ደግሞ ሐረር ባዕድ አይደለችም። ከጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ሸዋ በር ነው፤ ሌላው በሐረሪዎቹ ዘንድ በአርጎባ ስም ይጠራል። ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው መቶ ዘመን የሐረር ነጋዴዎች ከነግመላቸው የሚያርፉባት ገበያ ነበረች። ቡናውና ጨርቁ ወደዚህ፣ የእኛው ዕቃ ወደዚያ ይሄድ ነበር። የአልዩ አምባ ወይም የአርጎባ ልጅ የሆነ ሰው ጀጎል ውስጥ የሚሰማውን ቋንቋ ጆሮው የሚያውቀው ያህል ይሰማዋል።

ጊዜ መምረጥ ከቻላችሁ ከዒድ አልፈጥር በኋላ ባለው ሳምንት ሂዱ። ስድስቱ የሸዋል ጾም ሲፈታ ሸዋሊድ ይከበራል። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው በዓል ነው። ሌሊቱን ዚክሪው፣ ከበሮው፣ የሴቶቹ ልብስ ዓይን ይሞላል። ቤት ግን ከወር በፊት ይያዝ።

የሐረር ትልቁ ችግር ውኃ ነው። ይጠፋል። ለሙስሊም ደግሞ ውኃ መታጠቢያ ብቻ አይደለም። ስትደውሉ «ውኃ አለ?» አትበሉ፤ ሁሉም «አለ» ይላችኋል። «ሮቶ አላችሁ ወይ? ለሱብሒ ይወርዳል ወይ?» በሉ። ከግንቡ ውጭ ያለው አዲሱ ከተማ ቢራ ቤቱ እንደ ማንኛውም ከተማ ነው፤ ማደሪያ ስትመርጡ ከርካሽነቱ ይልቅ ጀጎል ውስጥ መሆኑን አስቡ። ሰው ጅብ ሲያበላ ለማየት ከመግሪብ በኋላ መውጣት ነው። ትንንሽ ልጆች ካሉ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

ኢስታንቡል፦ ፓስፖርት ላለውና ለአዲስ ሙሽሮች

ከይፋት ብዙ ልጆች ወደ ዓረብ አገር ስለሚሄዱ ፓስፖርት ያለው ቤት ብዙ ነው። ከአገር ውጭ አጭር ጉዞ የሚያስብ ሰው ሁለት ስም ያነሳል። ኢስታንቡልና ዱባይ። እኔ ያለ ጥርጥር ኢስታንቡል እላለሁ።

ከቦሌ በቀጥታ የኢትዮጵያም የቱርክም አየር መንገድ ይበራል፤ ከ5 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው። ስትደርሱ ሰዓት መቀየር የለም። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያስፈልጋል፤ ቪዛው ሳይወጣ ትኬት አትቁረጡ።

የሶላት ሰዓቱ ግን እንደኛ አገር አይደለም። ይሄን ሳያውቅ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። በሰኔ ዝሁር 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ ይገባል። ዐስር 11 ሰዓት አካባቢ ነው። አራት ሰዓት ያህል አላችሁ ማለት ነው፤ ለጉብኝት ድንቅ ነው። ዒሻ ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሱብሒም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይገባል። ልጅ ያለው ሰው እንቅልፉን ያስብበት። በታኅሣሥ ደግሞ ዝሁር 7 ሰዓት፣ ዐስር 9 ሰዓት ከ20፣ መግሪብ 11 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው። ቀኑ እጥር ይላል፣ ብርዱም ከጣርማ በር አይተናነስም። መካከለኛው ሚያዝያና መስከረም ነው፤ እነሱን ምረጡ።

ያቺን ሰዓት የት ታሳልፏት? ሱልጣን አሕመድ አካባቢ እደሩ እንጂ ራቅ አትበሉ። ስድስት ሚናር ያለው የሱልጣን አሕመድ መስጊድ፣ አያሶፍያና የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት በእግር የሚዳረሱ ናቸው። አያሶፍያ በ2020 እ.ኤ.አ. ዳግም መስጊድ ሆኗል። ጎብኚ ወደ ላይኛው ፎቅ 25 ዩሮ ከፍሎ ይገባል፤ ለሶላት የሚገባ አይከፍልም። ቶፕካፒ የረሱል ሰለላሁ ዓለይሂ ወሰለም ካባ የሚባለውና ሌሎች ቅርሶች ይገኛሉ፤ ማክሰኞ ዝግ ነው። ትልቁ ባዛር እሑድ ዝግ ነው። እነዚህን ሁለት ቀኖች አለማወቅ የሰውን ጉዞ ያበላሻል።

አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብባል ኤዩብን እመርጣለሁ። ረሱልን መዲና ላይ በቤታቸው ያስተናገዱት ሰሓቢ አቡ አዩብ አል-አንሷሪ ያረፉበት ነው። በጁምዓ ጠዋት የከተማው ሕዝብ ልጁን ይዞ ይመጣል። ቱሪስት ሳይሆን ሰጋጅ የሚበዛበት ነው። እማማን ይዞ ለሄደ ሰው ከባዛሩም ከቤተ መንግሥቱም በላይ ይሄ ያስደስታቸዋል። የሱለይማንያ መስጊድም፣ በ1557 እ.ኤ.አ. አርክቴክቱ ሚማር ሲናን የጨረሰው፣ ከሱልጣን አሕመድ ይልቅ ጸጥታ አለው። በሁሉም ዘንድ የሴቶች ቦታ አለ፤ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ነው።

ሥጋው በአብዛኛው ሐላል ስለሆነ ብዙ ማጣራት አያስፈልግም። መጠጥ የሚሸጡ ምግብ ቤቶች ግን አሉ፤ በር ላይ ያለውን ዝርዝር አይቶ መግባት ነው።

ዱባይ ከአራት ሰዓት በረራ በኋላ ትገኛለች። የገበያ አዳራሹ ሁሉ መስገጃ ክፍል አለው፤ በሜትሮው የሴቶችና የሕፃናት ፉርጎ አለ፤ ከተማውን የሚከፍለውን የባሕር ሰርጥ በአንድ ድርሃም ጀልባ መሻገር ይቻላል። ይመቻል፤ አልክድም። ነገር ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ያቺ ከዝሁር እስከ ዐስር ያለችው ሰዓት ደግሞ ሱቅ ውስጥ ከመዞር ሌላ አይሠራባትም። ዕቃ ለሚገዛ ነጋዴ እንጂ ለዕረፍት ለሚሄድ ሰው ገንዘቡ ይቆጨኛል። ቪዛውም ደንቡ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ከመክፈላችሁ በፊት የጊዜውን ሁኔታ ጠይቁ።

ከመነሳታችሁ በፊት

ቂብላ ላይ አንድ ነገር ልበል። ከሸዋ ሮቢትም ከደሴም ስትሰግዱ ፊታችሁ ወደ ሰሜን ቀጥ ያለ ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ወደ ቀኝ ጥቂት ዘንበል ይላል። ሐረር ላይ ደግሞ ወደ ግራ። ኢስታንቡል ላይ ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ዱባይ ላይ ወደ ምዕራብ ደቡብ ይዞራል። በልማድ «ወደ ሰሜን ነው» ብሎ የሚቆም ሰው አለና ሆቴል ስትገቡ ጠይቁ።

መንገዱን በተመለከተ፦ የሰሜን ሸዋም ሆነ የሌላው አካባቢ ሁኔታ ሳምንት ከሳምንት ይለያያል። ወሬ ሳይሆን መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያ ሳምንት የተመላለሰ ሹፌር ጠይቁ። «እንዴት ነው መንገዱ፣ ወንድሜ?» ስትሉት ቀናውን ይነግራችኋል። ቀን ተጓዙ፤ ከመግሪብ በፊት ማደሪያችሁ ግቡ። የአውሮፕላን ትኬት ያላችሁ ደግሞ በበረራው ዕለት ከሸዋ ሮቢት አትነሱ። ከአንድ ቀን በፊት አዲስ አበባ እደሩ። ጣርማ በር በጉም ሲሸፈን ወይም መንገድ ሲዘጋ አውሮፕላኑ አይጠብቃችሁም።